የደረቀ አፍ ምስክር አይሆንም

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲሄድ ኬላ ላይ ከመኪና ወርዶ የተፈተሸ ሰው ይህን ያውቀዋል። ምላስ ከላንቃ ይጣበቃል። ምራቁን የዋጠ ሽማግሌ እንኳ የሚውጠው ምራቅ ያጣል። ጠያቂው ደግሞ "ምነው ፈራህ? የደበቅከው ነገር አለ?" ይላል። ያኔ ምንም ያልደበቀውም ይብስ ይርበተበታል።

ፍርሃትን እንደ ጥፋት መቁጠር የቆየ ነገር ነው። በጥንት ሕንድ ተጠርጣሪ ደረቅ ሩዝ አኝኮ እንዲተፋ ይደረግ ነበር፤ ሩዙ ደርቆ ከወጣ ጥፋተኛ ነው። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ደረቅ ዳቦና አይብ መዋጥ ያቃተው ይፈረድበት ነበር። በእኛ አገር አውጫጭኝ ነበረ፤ ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር ያገሩ ሰው ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪጠቆም ወደ ቤቱ አይመለስም። ከቀኑ ፀሐይ ጋር የጎረቤት ዓይን ሲያፈጥበት የማን አፍ አይደርቅም? ሌባሻይ ደግሞ አለ፤ መድኃኒት ጠጥቶ የሰከረ ልጅ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። እሱን ተፈሪ መኮንን በአልጋ ወራሽነታቸው ዘመን አስቀሩት።

ምሥጢሩን የፈቱት ጀርመኖች ናቸው። ካርል ሉድቪግ እ.ኤ.አ. በ1851 ነርቭ ሲነካ ምራቅ እንደሚፈስ አሳየ። በ1870ዎቹ ሩዶልፍ ሃይደንሃይን ወደ ምራቅ ዕጢ የሚሄዱትን ሁለት ዓይነት ነርቮች አነጻጸረ። ፓራሲምፓቴቲክ የሚባለው ብዙ ቀጭን ምራቅ ያወርዳል። ሲምፓቴቲክ የሚባለው፣ በድንጋጤ ልብን የሚያስመታው፣ የሚሰጠው ጥቂትና ወፍራም ነው።

ዛሬ ዝርዝሩ ይታወቃል። ከሲምፓቴቲኩ ነርቭ ጫፍ የሚወጣው ኖርአድሬናሊን የዕጢውን ሴሎች ሲነካ ያጠራቀሙትን ኢንዛይም ይለቃሉ። ዋናው አሚሌዝ ነው፤ ዳቦ አፍ ውስጥ ሲቆይ የሚጣፍጠው ስታርቹን እሱ ወደ ስኳር ስለሚፈጭ ነው። ስንፈራ ታዲያ አንጎል የውኃውን ነርቭ ያፍነዋል፣ ኢንዛይሙ ግን ይመጣል። የፈራ ሰው ምራቅ የሚያጣብቀው ለዚህ ነው።

ተመራማሪዎች አሁን ጭንቀትን በምራቅ ውስጥ ባለው አሚሌዝ ይለካሉ። የሚለኩት ግን ጭንቀትን እንጂ ውሸትን አይደለም። ኬላ የለመደ ሌባ አፉ እርጥብ ሊሆን ይችላል፤ ትናንት ወንድሙ የተያዘበት፣ በርበሬ ሸጦ የሚመለስ ገበሬ ግን ስሙን ለመናገር ይቸገራል። አንድ ኩባያ ውኃ ሰጥተው ትንሽ ቆይተው ቢጠይቁት፣ ያንኑ ስም በጠራ ድምፅ ይነግራቸዋል።