ዳኛው ለማን ይመልሳል? የዙፋን ችሎትና ያወረሰን ጥያቄ



ስለ ፍርድ ቤቶቻችን በተነጋገርን ቁጥር አስቀድሞ የሚነሣው «ዳኛው ነጻ ነውን?» የሚለው ጥያቄ ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው መንትያውን ነው፦ ዳኛው ቢያጠፋ ለማን ይመልሳል? አስተያየቴን ከወዲሁ ላስታውቅ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የተዘረጋው ዘመናዊ የዳኝነት ሥርዓት ዳኛውን ከባለጉዳዩ ጠበቀው፤ ከቤተ መንግሥቱ ግን አልጠበቀውም። ዙፋኑ በወደቀ ጊዜ ለደረሰው ጥፋት አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል።

በቀደመው ዘመን ሙግት የአደባባይ ጉዳይ እንደ ነበር ታውቃላችሁ። ከሳሽና ተከሳሽ በኩታቸው ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዳሉ፤ መንገደኛውን እንኳ አስቁመው «ፍረደን» ይሉታል። «ተጠየቅ» እየተባባሉ ሲሟገቱ ተመልካቹ ክርክሩን ብቻ ሳይሆን ዳኛውንም ይመዝናል። በንጉሡ ችሎት ደግሞ አንድ ልብ ልንለው የሚገባ ልማድ ነበር። ነገሩ ተሰምቶ ካበቃ በኋላ አስተያየት የሚሰጠው ከታናሹ ሹም ጀምሮ ነው፤ ተራው እያደገ ሄዶ በመጨረሻ ወደ አፈ ንጉሡና ወደ ንጉሡ ይደርሳል። ብዙዎች ይህን እንደ ሥነ ሥርዓት ጌጥ ያዩታል። እኔ ግን ብልሃት ያለው የሕግ ሥራ ነው እላለሁ። ታላቁ አስቀድሞ ከተናገረ ታናሹ ምን ሊል ይችላል? ከጌታው የተለየ ሐሳብ እንዲሰማ ከተፈለገ መጀመሪያ መናገር ያለበት ታናሹ ነው። ጉድለቱ ግን ግልጽ ነው። የመጨረሻው ቃል የንጉሡ ነው፤ ንጉሡም የሁሉንም አስተያየት ትቶ በራሱ ሐሳብ ሊፈርድ ይችላል። የተለየው ሐሳብም አብዛኛውን ጊዜ ከአደባባዩ ጋር ይበተናል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርዱን ሥራ ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ ሰጡ። እውነተኛው የአደረጃጀት ለውጥ የመጣው ግን ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. በወጣው የዳኝነት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 2 ነው። ጠቅላይ የንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት፣ ከፍተኛ ፍርድ ቤትና በየጠቅላይ ግዛቱ የሚያስችሉ ፍርድ ቤቶች በየደረጃቸው ተቋቋሙ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም ዳኞች በፍርድ ሥራቸው ከሕግ በቀር ለሌላ ሥልጣን የማይገዙ መሆናቸውን ደነገገ። የሹመታቸው ምንጭ ግን ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ፤ የዙፋን ችሎትም እንደ ነበረ ቀጠለ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓትም ሆነ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ይግባኙን ጨርሶ የተረታ ሰው ለዙፋን ችሎት አቤት የሚልበትን በር ክፍት ትተውለታል።

ለዙፋን ችሎት ርትዕ እናድርግለት። መሬቷን የአገር ገዥ የነጠቃት ባልቴት፣ ገዥውን በሚፈራው የአውራጃ ዳኛ ፊት ምን ተስፋ አላት? ጃንሆይ ዘንድ «አቤት!» ማለት ለእንዲህ ያለው ሰው ብቸኛው መንገድ ነበር። «በፍርድ የሄደች በቅሎዬ ሳትሆን ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» የሚል ሕዝብ መሸነፉን ሳይሆን አለመደመጡን ነው የሚጠላው። የዙፋን ችሎት ያዳምጥ ነበር። ነገር ግን ባልቴቷን የበደለው ዳኛ በሕግ የሚጠየቅበትን መንገድ አልሠራም፤ ያደረገው በዳኛው ራስ ላይ ሌላ ዳኛ መጨመር ነው። ፍርዱ የመጨረሻ እንዳልሆነ የሚያውቅ ዳኛም ሲጽፍ ዓይኑ ወደ ላይ ነው፤ ከባለጉዳዩና ከሕጉ ይልቅ ግቢው ምን ይል ይሆን ብሎ ያስባል። የሙግት ቋንቋም በዚያው ልክ ተለወጠ። የራፖር ጸሐፊው ጥበብ አንቀጽ መጥቀስ ሳይሆን ርኅራኄ መቀስቀስ ሆነ፤ የሕግ ክርክር የሚያውቀው ጠበቃ እንኳ በመጨረሻው በር ላይ ለማኝ ነበር።

በአንጻሩ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2138 ዳኛ ከሥራው ጋር በተያያዘ ጥፋት በኃላፊነት እንዳይከሰስ አድርጓል። ከዳኛው ጋር የመንግሥቱ ሚኒስትሮችና የፓርላማ አባላት በአንድ ቁጥር ሥር ተዘርዝረዋል። ለዳኛ እንዲህ ያለ ከለላ መስጠት በሌላውም አገር የታወቀና ተገቢ ነው። የተረታ ሁሉ የረታውን ዳኛ የሚከስ ከሆነ የሚፈርድ አይገኝም። ነገር ግን ከለላው ትርጉም የሚኖረው ዳኛው በሌላ በኩል፣ በታወቀ ሥርዓት፣ በእኩዮቹ ፊት የሚጠየቅ ሲሆን ነው። ያ ሌላኛው ወገን በሹመት ሰጪው ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ይህ ጉድለት ምን ያህል አደገኛ እንደ ነበር በ1966 እና በ1967 ዓ.ም. ታየ። በወሎ ረሀብና በሥልጣን ብልግና የሚጠረጠሩትን ባለሥልጣናት ኃላፊነት እንዲያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር፤ ሰብሳቢው መስፍን ወልደ ማርያም ነበሩ። ባለሥልጣን በማስረጃ ተጠይቆ መልስ እንዲሰጥ የሚደረግበት እንዲህ ያለ መድረክ በዘመናዊ ታሪካችን ብዙም አልታየም። ሥራው ፍጻሜ ሳያገኝ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን ገደለ፤ የቀድሞዎቹ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን በውስጣቸው ነበሩ። ውሳኔው የፍርድ ቤት ሳይሆን የስብሰባ ውሳኔ ነበር። ከሁሉ የሚከብደኝ አንድ ነገር አለ፦ በዚያች ሌሊት «ይህ የእኔ ሥልጣን ነው» ብሎ ሊቆም የሚችል ፍርድ ቤት አልነበረም። ለዙፋኑ ሲመልስ የኖረ የዳኝነት አካል ዙፋኑ ሲወርድ የራሱ መቆሚያ አልነበረውም። ዙፋኑ ላይ የተቀመጠው ተለወጠ፤ መንገዱ ግን ያው ወደ ላይ የሚወስደው ነበር።

ለዚያ ግድያም ሆነ ለቀይ ሽብር ጥያቄው በፍርድ ቤት የቀረበው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በ1984 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 22 ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ፤ የኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና የሌሎች ባለሥልጣናት ጉዳይ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. መሰማት ጀመረ። ዋናው ተከሳሽ ዚምባብዌ ነበር፤ ጉዳዩ በሌለበት ታየ። የጥፋተኝነቱ ፍርድ የተሰጠው ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። አሥራ ሁለት ዓመት! መዘግየቱን ማንም አያመሰግነውም፤ ያለ ፍርድ ታስረው የከረሙትን ሰዎች መብት የነካ ነበር። ሆኖም ተከሳሾቹ በጠበቃ ተከራክረዋል፤ ደርግ ራሱ ያዘጋጃቸው ሰነዶች ማስረጃ ሆነው ቀርበው ተመዝነዋል። የ1967ቱ ሟቾች ይህን አላገኙም።

ከዚያ መዝገብ ውስጥ ተማሪዎቼ እንዲያነቡት የምመክረው ከአብላጫው ፍርድ ይልቅ የአንዱን ዳኛ የልዩነት ሐሳብ ነው። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በቁጥር 281 የፖለቲካ ቡድንን ጭምር ከዘር ማጥፋት ጥበቃ ሥር አስገብቶ ነበር፤ አብላጫው በዚህ ላይ ተመሥርቶ ፈረደ። ሦስተኛው ዳኛ ግን ያ ጥበቃ ደርግ በኋላ ባወጣቸው ሕጎች ተሽሯልና ጥፋቱ ከባድ የሰው ግድያ እንጂ ዘር ማጥፋት አይባልም አሉ። በሐሳቡ ልንስማማም ላንስማማም እንችላለን፤ እኔ በበኩሌ ደርግ ራሱ በጻፈው ሕግ መጠቀሙ ያሳስበኛል። ነገር ግን አገሪቱ በሙሉ አንድ ቃል በምትጠብቅበት ቀን አንድ ዳኛ የተለየ ቃል ተናግረዋል፤ ምክንያታቸውንም ጽፈዋል። እንደ ጥንቱ አደባባይ ታናሽ ሹም ሐሳብ ሳይበተን፣ ከአብላጫው ፍርድ ጋር በዚያው መዝገብ ተያይዞ ይገኛል።