ሱፋና የአንሷሮች ቤት

ምስጋና ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ላይ ይሁን።

በ1ኛው ዓመተ ሂጅራ (622 እ.ኤ.አ.) ሙሃጂሮች ቤትና ንብረታቸውን መካ ትተው መዲና ገቡ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሙሃጂሩን ከአንሷሩ ጋር ወንድም አድርገው አስተሳሰሩ፤ አንሷሮችም ቤታቸውን ከፈቱ። ቤተሰብም ማረፊያም የሌላቸው በመስጊዱ ጀርባ፣ በዘንባባ በተከደነው ጥላ ሥር አደሩ። ይህ ሱፋ ይባላል። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ከነዋሪዎቹ አንዱ ነበሩ። በዚያ ምግብም ትምህርትም ነበር፤ ያገባና ኑሮ ያገኘ ደግሞ ይወጣ ነበር።

ወገኖቼ፣ ይህ ታሪክ ለጉራጌ ከተሞች ሩቅ አይደለም። በሰኔ 2010 ዓ.ም. በወልቂጤ በተነሣው ግጭት ብዙ ቤተሰቦች ተፈናቅለዋል።

ከሱፋ የምንማረው የጋራ አዳራሽ ለብቸኛ ሰው እንደሚሆን ነው። ልጆች ያሏት እናት ግን የሚዘጋ በር ትሻለች። ስለዚህ የወልቂጤም የቡታጅራም ጀመዓ ችግር ሳይመጣ ቤተሰብ ሳይነጣጥሉ የሚያስጠጉ ቤቶችን ይመዝግብ፤ አስጠጊውንም በእህል ይደግፍ። መጠለያ መሸጋገሪያ ነውና የመጨረሻው ግብ ተፈናቃዩን ዳግም ጎጆ ማስቀለስ ይሁን። አላህ ይወፍቀን፤ አሚን።