ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመለስ ረሃብ

የዛሬ ሰማንያ ዓመት ገደማ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 መገባደጃ፣ አንሰል ኪይስ የተባለ ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣቶችን በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሰበሰበ። ወጣቶቹ በእምነታቸው ምክንያት ጠመንጃ አናነሳም ያሉ ናቸው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያስራበውን ሕዝብ እንዴት አድርጎ መልሶ መመገብ እንደሚቻል ይታወቅ ዘንድ ፈቅደው ተራቡ። ማደሪያቸው በዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ሥር ነበር። ለ24 ሳምንታት ድንች፣ ዳቦ፣ ማካሮኒና ሥራ ሥር እየተመጠነ ይሰጣቸዋል፤ በየሳምንቱም 22 ማይል በእግር ይጓዛሉ። ሲጨርሱ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጥተዋል።

ከክብደቱ ይልቅ ግን የሰዎቹ ጠባይ ነው የሚያስገርመው። ሳህን ይልሱ ጀመር። ስለ ምግብ አሠራር ግድ ያልነበራቸው ሰዎች የምግብ አሠራር መጽሐፍ እየሰበሰቡ ሌሊቱን ሲያነቡ ያድራሉ። ጨዋታቸውም ሕልማቸውም ምግብ ብቻ ሆነ። እንደ ልባቸው እንዲበሉ ሲፈቀድላቸው ደግሞ፣ ሆዳቸው እስኪወጠር በልተው «አሁንም አልጠገብኩም» ይሉ ነበር። የሰውነታቸው ስብ ከቀድሞው መጠን አልፎ ሄደ፤ ጡንቻቸው ግን ገና አላገገመም። እነዚህ ሆዳሞች አልነበሩም፤ በፈቃዳቸው የተራቡ፣ ራሳቸውን መግዛት የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ከውፍረት ቀዶ ሕክምና በኋላ ረሃቡና ክብደቱ ሲመለስበት «አቃተኝ፣ ሰነፍኩ» ብሎ ራሱን የሚወቅስ ሰው ካለ፣ ታሪኩን ከእነዚህ ወጣቶች ቢጀምር ይሻለዋል።

ኪይስ ጥናቱን በመጽሐፍ ያወጣው በ1950 ነው። ከዚያ በአራተኛው ዓመት፣ እዚያው ሚኒሶታ፣ ክሬመን የተባለ ቀዶ ሐኪምና ባልደረቦቹ አብዛኛውን የትንሽ አንጀት ክፍል ዘልሎ ምግብን የሚያሳልፍ ቀዶ ሕክምና አስተዋወቁ። ምግቡ ይበላል፣ ወደ ደም ግን በቅጡ አይገባም። ክብደት በእርግጥ ይወርድ ነበር። ዋጋው ግን ከባድ ነው፦ የማያቋርጥ ተቅማጥ፣ የኩላሊት ጠጠር፣ አንዳንዱም ላይ ጉበት እስከ መድከም። ብዙዎች እንደገና ተከፍተው አንጀታቸው ወደ ነበረበት ተመለሰ፤ ዘዴውም ቀስ በቀስ ተተወ።

የዘመናዊው የውፍረት ቀዶ ሕክምና አባት ኤድዋርድ ሜሰን ነው። በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ቀዶ ሐኪም ሳለ፣ በጨጓራ ቁስለት ምክንያት የጨጓራቸው ክፍል የተቆረጠላቸው ሕሙማን እንደማይወፍሩ አስተዋለ። ከቺካሺ ኢቶ ጋር ሆኖ በ1966 ጨጓራን ቆርጦ በማሳነስ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር አገናኘ፤ ዛሬ ባይፓስ የምንለው የዚያ ልጅ ነው። በ1980 ደግሞ አንጀት ሳይነካ ጨጓራን በብረት ስፌትና በማሰሪያ ብቻ የሚያጠብ ቀለል ያለ ዘዴ አመጣ። ነገሩ ቀላል መሰለ፦ ከረጢቱን ካጠበብከው የሚገባው ያንሳል። ከሕሙማኑ ብዙዎቹ ግን ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ መወፈር ጀመሩ። ሥጋና ዳቦ አልወርድ ሲላቸው አይስክሬም፣ የተበጠበጠ ወተትና ጣፋጭ መጠጥ ተለማመዱ። እነዚህ በጠባቡ በር ሳይከለከሉ ያልፋሉ። ከዚያ የመጣው፣ እየጠበቀ እየላላ የሚስተካከለው የጨጓራ ቀለበትም በዚሁ ምክንያት ብዙ ሰው አሳዝኗል፤ በር ጠበበ እንጂ ረሃብ አልቀነሰም።

እዚህ ላይ ግን አንድ እንቆቅልሽ ነበር። የባይፓስ ሕሙማን ልክ እንደ ኪይስ ወጣቶች ብዙ ክብደት አጥተዋል። ጠባያቸው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ምግብ አያልሙም፤ ሁለት ሦስት ጉርሻ በልተው «በቃኝ» ይላሉ። እንዲያውም ምግብ መብላት የሚረሱ አሉ። ጨጓራ ከረጢት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ሊሆን አይችልም ነበር።

መልሱ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ1999 ጃፓናውያኑ ማሳያሱ ኮጂማና ኬንጂ ካንጋዋ ግሬሊን የተባለውን ሆርሞን አገኙ። አብዛኛው የሚመነጨው ከጨጓራ የላይኛው ክፍል ሲሆን፣ ከምግብ በፊት በደም ውስጥ ከፍ ብሎ አንጎልን «ራበኝ» ያሰኛል። በ2002 በሲያትል ዴቪድ ካሚንግስና ባልደረቦቹ ሁለት ዓይነት ሰዎችን መረመሩ። በአመጋገብ ብቻ ከክብደታቸው 17 በመቶ የቀነሱት ሰዎች የግሬሊን መጠናቸው 24 በመቶ ጨምሯል፤ ማለት በከሱ ቁጥር ሰውነታቸው «ብላ» እያለ ጮኸባቸው። ባይፓስ የተሠራላቸው ግን የቀኑን ሙሉ ግሬሊናቸው ውፍረት ከሌላቸው ሰዎች ጋር ሲነጻጸር እንኳ በ77 በመቶ ያነሰ ነበር። በኋላ የመጡት የባይፓስ ጥናቶች ሁሉ እንዲህ አንድ ዓይነት ውጤት አላሳዩም። ሌላ ነገር ግን ተጨመረ፦ ምግቡ ፈጥኖ ወደ ታችኛው አንጀት ስለሚደርስ ጥጋብን የሚያበስሩት ሆርሞኖች፣ በተለይ ጂኤልፒ-1፣ ከምግብ በኋላ እጅግ ከፍ ይላሉ። ቢላዋው ሳያውቀው የነካው ረሃብና ጥጋብ የሚላላኩበትን መንገድ ነበር።

ዛሬ በዓለም በብዛት የሚሠራው ስሊቭ የተባለው ቀዶ ሕክምና ነው። የጨጓራው ሦስት አራተኛ ወይም ከዚያ በላይ፣ ግሬሊን የሚመነጭበትን የላይኛውን ክፍል ጨምሮ፣ ተቆርጦ ይወጣና ቀጭን ቱቦ ይቀራል። በኩዌትና በሳዑዲ ዐረቢያ እጅግ ተለምዷል።

ታዲያ ረሃቡ ለምን ይመለሳል? ከሁሉ ይልቅ ሐቁን የሚነግረን ላርስ ሾስትሮም በ1987 የጀመረው የስዊድን ጥናት ነው። ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 2,010 ሰዎችን፣ ካላደረጉ 2,037 ሰዎች ጋር እያስተያየ ለብዙ ዓመታት ተከታትሏል። ባይፓስ የተሠራላቸው በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ዓመታት በአማካይ 32 በመቶ ቀነሱ፤ በአሥረኛው ዓመት ግን 25 በመቶ ላይ ቆሙ። በሜሰን ማሰሪያ የተሠራላቸው ከ25 ወደ 16፣ በቀለበት የተሠራላቸው ከ20 ወደ 14 በመቶ ተመለሱ። ስለዚህ ጥቂት መመለስ የተለመደ ነው፤ የአንድ ሰው ነውር አይደለም። ሁሉም ይመለሳል ማለት ደግሞ ስሕተት ነው። በ2016 የታተመ፣ በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ በባይፓስ ከተሠሩት በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ መነሻ ክብደታቸው አካባቢ የተመለሱት 3.4 በመቶ ብቻ ናቸው። የስዊድኑ ጥናትም ቀዶ ሕክምና ካደረጉት ወገን የሞቱት ካላደረጉት ያነሱ መሆናቸውን በ2007 አስታውቋል።

የመጀመሪያው ዓመት የጫጉላ ጊዜ ነው። ልብስ ይሰፋል፣ የስኳር መድኃኒት ይቀነሳል፣ ዘመድ ያደንቃል። ከዚያ አንድ ቀን ሰውየው ምሳ በልቶ በሁለተኛው ሰዓት ሆዱ ሲጮህ ይሰማዋል። ይደነግጣል፤ ጨጓራዬ ተቀደደ ወይስ ሰፋ ብሎ ይሰጋል። ብዙ ጊዜ ግን ሰውነቱ ያጣውን ስብ ሊያስመልስ የሚያደርገው የተለመደ ትግል ነው። የከሳ ሰው በዕረፍት ላይ ሆኖ የሚያቃጥለው ኃይልም ያንሳል፤ ስለዚህ ያው ምግብ ትናንት ያላወፈረውን ዛሬ ያወፍረዋል።

ረሃብ የሚመስል ረሃብ ያልሆነም አለ። ባይፓስ የተሠራለት ሰው ጣፋጭ ወይም ነጭ ዱቄት የበዛበት ነገር ከበላ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ የደሙ ስኳር ድንገት ሊወርድ ይችላል። ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ክፉኛ ይርበዋል። ደጋግሞ ከመጣ ለሐኪም የሚነገር ጉዳይ ነው። ሰው የማይጠረጥረው ሌላ ምክንያትም መድኃኒት ነው፤ አንዳንድ የድብርት መድኃኒት፣ ስቴሮይድና ኢንሱሊን ክብደት ይጨምራሉ። አልኮልም አለ፦ ጨጓራው ከተለወጠ በኋላ መጠጥ ፈጥኖ ወደ ደም ስለሚገባ ጥቂቱ ያሰክራል። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በመጠጥ የሚቸገሩ እንደሚበረክቱ በ2012 በአሜሪካ የወጣ ጥናት አሳይቷል። የቀድሞው መጽናኛ ምግብ በማይቻልበት ጊዜ ብርጭቆ እንዳይተካው መጠንቀቅ ያሻል።

በየዕለቱ የሚሠራው ነገር ትንሽና ተራ ነው፤ እኔ ግን ዋጋው ትልቅ ነው ብዬ አምናለሁ። ፕሮቲኑ ይቅደም፦ እንቁላል፣ ዓሣ፣ አይብ፣ ወይም በጾም ምስርና ወፈር ያለ ሽሮ፤ እንጀራው ይከተል። ተደጋግሞ ይታኘክ። ውኃ ከምግብ ጋር ሳይሆን ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይጠጣ። በሰዓት የተወሰነ ምግብ ይኑር፤ ከአንድ ትልቅ ማዕድ ይልቅ ክብደት የሚመልሰው ቀኑን ሙሉ ቆሎና ብስኩት መቆርጠም ነውና። ጡንቻ የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይጨመር። የቫይታሚን ቢ12፣ የብረትና የካልሲየም ኪኒን ዕድሜ ልክ ይወሰዳል። ረጅም ጾም የሚጾም ሰው አስቀድሞ ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም ያማክር። በእኛ ማዕድ ላይ ደግሞ ከባዱ ነገር «በሞቴ አንዲት ጉርሻ ብቻ» የሚለው ነው። ይህን ሰው የምትወዱ አክስቶችና እናቶች፣ እባካችሁ አታስገድዱት፤ ለእሱ አንዲት ተጨማሪ ጉርሻ ማስታወክ ማለት ልትሆን ትችላለች።

አንዳንዱ ይህን ሁሉ አድርጎም ይጨምራል። ለዚህ ሰው ዛሬ ሕክምና አለ። በ2023 የታተመ፣ በለንደን የተደረገ ጥናት ከቀዶ ሕክምና በኋላ ክብደታቸው በበቂ ሁኔታ ያልቀነሰና ጂኤልፒ-1ም እንደሚገባው የማይወጣላቸው 70 ሰዎችን ይዞ፣ ግማሾቹን ሆርሞኑን የሚመስለውን ሊራግሉታይድ በየቀኑ ወጋቸው። በ24 ሳምንት እነሱ 8.8 በመቶ ሲቀንሱ፣ ባዶ መርፌ የተወጉት አንድ በመቶ እንኳ አልሞላላቸውም። ከዚያ የሚበረቱ ሴማግሉታይድና ቲርዜፓታይድም መጥተዋል። ስሊቭን ወደ ባይፓስ መለወጥም ለአንዳንዱ ይረዳል። ደም ግፊቱ ለተመለሰበት ሰው መድኃኒት የሚጨምር ሐኪም፣ ክብደቱ ለተመለሰበትም እንዲሁ ማድረግ ይገባዋል።

ብዙዎች ግን አፍረው ይጠፋሉ። ሚዛኑን አልጋ ሥር ያስገቡታል፣ ቀጠሮውን ይሰርዛሉ፤ ወደ ሐኪም የሚመለሱት ስኳሩ ሲመለስ ነው። አንባቢዬ፣ ይህ የአንተ ወይም የአንቺ ጉዳይ ከሆነ፣ ሃያ ኪሎ እስኪጨምር አትጠብቁ። አምስት ኪሎ ሲሆን ቀጠሮ ያዙ፤ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ ረሃቡ በስንት ሰዓት እንደሚመጣም ጽፋችሁ አሳዩ። የሚቆጣ ሐኪም ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።