የምጽዋ ፈጣን ጀልባዎችና አዛዦቻቸው

መጋቢት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ምጽዋ በእንግሊዞች እጅ ወደቀች። ጣሊያኖች ወደቡን ለመዝጋት መርከቦቻቸውን በገዛ እጃቸው ባሰጠሙበት በዚያው ሰሞን፣ ማስ 213 የተባለች ያረጀች ጀልባቸው ወጥታ ኬፕታውን የተባለችውን የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቶርፔዶ መታች። መርከቧ ባትሰጥምም ወደ ፖርት ሱዳን ተጎትታ ሄደች። አንዲት ትንሽ ጀልባ ትልቅ መርከብን ከውጊያ ማስወጣት እንደምትችል በቀይ ባሕራችን ላይ ታየ።

ከዚህ ዓይነቱ ውጊያ ፈር ቀዳጆች አንዱ ጣሊያናዊው ሉዊጂ ሪዞ ነው። በ1910 ዓ.ም. ሰኔ ንጋት ላይ አጃቢዎቹን ሰንጥቆ ገባና 20 ሺህ ቶን ገደማ የምትመዝነውን የኦስትሪያ-ሃንጋሪ የጦር መርከብ ሴንት ኢሽትቫንን በሁለት ቶርፔዶ አሰጠመ። ጠላት ሲያሳድደው ከኋላው የውኃ ውስጥ ፈንጂ እየጣለ አመለጠ። የፈጣን ጀልባ አዛዥ የሚከልለው ብረት የለውም። መጠጋት አለበት፣ መተኮስ አለበት፣ ከዚያም ሳይያዝ መውጣት አለበት። ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል።

የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ በምጽዋ ሲቋቋም መኮንኖቹን ያሠለጠኑት በአመዛኙ ኖርዌያውያን ነበሩ። ከአሜሪካ የጥበቃ ጀልባዎች መጡ፤ «ኢትዮጵያ» የተባለችው ባንዲራ መርከብም ተከተለች። አዛዡ ሪር አድሚራል ልዑል እስክንድር ደስታ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከብዙ የንጉሠ ነገሥቱ ባለሥልጣናት ጋር በደርግ ተረሸኑ። ኃይሉ ያኔ ያጣው አንድ አዛዥ ብቻ አይደለም፤ ለሃያ ዓመት የተገነባ ልምዱም ተናጋ።

ከዚያ በኋላ ትጥቁ የሶቪየት ሆነ። ከመጡት አንዷ ኦሳ የተባለችው የሚሳይል ጀልባ ናት፤ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ትከንፋለች፣ አራት ሚሳይሎችም ትሸከማለች። የዚህ ዓይነቱ ሚሳይል ዝና በጥቅምት 1960 ዓ.ም. ግብጻውያን ከጀልባ ተኩሰው የእስራኤሏን የጦር መርከብ ኢላትን ሲያሰጥሙ ተመስክሯል። የእኛ መርከበኞች የገጠማቸው ግን ሌላ ጠላት ነበር። ለኤርትራ ነጻነት የሚዋጋው ሻዕቢያ መትረየስና ሮኬት የጫኑ ትናንሽ ፈጣን ጀልባዎችን በዳህላክ ደሴቶች መካከል እያሾለከ ይመጣ ነበር። ግማሽ ቶን ገደማ ፈንጂ የሚሸከም ሚሳይል የሚፈልገው ትልቅ የብረት መርከብ ነው፤ በደሴት ጥላ የተደበቀችን ጀልባ አያገኝም። ዘመናዊው መሣሪያ የታጠቀው ለተሳሳተ ጦርነት ነበር ብል አላጋነንኩም።

የካቲት 1 ቀን 1982 ዓ.ም. ሻዕቢያ ምጽዋን ከየብስም ከባሕርም አጠቃ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከተማዋ ተያዘች፤ ወደብ ላይ የነበሩ ጀልባዎችም ተመቱ። ባሕር ኃይሉን የጣለው ከሁሉ በላይ ወደቡን ማጣቱ ነው፤ ነዳጅ፣ ጥይትና ጥገና የሚገኘው ከየብስ ነውና። በግንቦት 1983 ዓ.ም. የተረፉት መርከቦች ከአሰብ ሸሽተው ወደ የመንና ሳዑዲ ዓረቢያ ገቡ። በኋላ ወደ ጂቡቲ የተሻገሩትም እ.ኤ.አ. በ1996 እዚያው ለጨረታ ቀረቡ።

ዛሬ ባሕር ኃይል እንደገና ተቋቁሟል። ሥልጠናው ስለ ሪዞም ሆነ ስለ ኢላት ሊያስተምር ይችላል። በምጽዋና በዳህላክ መካከል በጨለማ ጀልባ የመሩት ኢትዮጵያውያን ግን፣ የት ዞሩ፣ መቼ ተኮሱ፣ ማን ትእዛዝ ሰጠ የሚለው ገና በወጉ አልተጻፈም። ባሕር ኃይሉ ሰው የመለመለው ከመላ አገሪቱ ነው፤ ወላይታ ሶዶም ሆነ ጎንደር ውስጥ በባሕር ኃይሉ ያገለገለ ሽማግሌ ሊኖር ይችላል። አንባቢ ሆይ፣ ከቤትህ ወይም ከጎረቤትህ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ዛሬውኑ ቁጭ በልና ጠይቀው፤ የሚነግርህንም ጻፈው።