ቀለሙ ቀደመ፣ ትርጓሜው ተከተለ

በአማርኛ “ታጠቀ” የሚለው ግስ ወገብን በመቀነት ማሰርንም፣ መሣሪያ መያዝንም ይገልጻል። በጁዶና በካራቴ ማሠልጠኛዎች የሚታሰረው ቀበቶ ግን መሣሪያ አይሰካበትም፤ ስለ ታጣቂው የሚናገረው በቀለሙ ብቻ ነው። ስለዚሁ ቀለም ከሚተረኩት ሁሉ ይበልጥ የታወቀው አንድ ወግ አለ። ጀማሪው ነጭ ቀበቶ ይታጠቃል፤ ቀበቶው ስለማይታጠብ ከዓመታት ላብና አፈር የተነሣ ይጠቁራል፤ ባለቤቱም ያን ጊዜ ሊቅ ይባላል። ወጉ ያምራል፤ አሠልጣኞችም ይወዱታል። ታሪክ ግን አይደግፈውም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጁዶ መሥራች ጅጎሮ ካኖ በሙያው የትምህርት ሰው ነበር። በ1882 ኮዶካን የተባለውን ማሠልጠኛ በቶኪዮ፣ በአንድ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ ሲከፍት ዕድሜው ገና 21 ነበር። በማግስቱ ዓመት ለሁለት ደቀ መዛሙርቱ “ዳን” የተሰኘውን ማዕረግ ሰጠ፤ ስያሜው ቀድሞ “ጎ” በሚባለው የገበታ ጨዋታ ይሠራበት ነበር። ይሁንና ማዕረጉ ሲሰጥ በልብስ ላይ የሚታይ ምልክት አልነበረውም። ባለ ማዕረጎቹ ጥቁር መታጠቅ የጀመሩት በ1886 ገደማ ነው። እንግዲህ ጥቁሩ ቀበቶ ሲጀመርም ጥቁር ሆኖ የተሰጠ እንጂ በጊዜ ብዛት የጠቆረ አይደለም። ዛሬ የምናውቀው ነጭ የጥጥ ልብስም ቅርጹን የያዘው ከዚያ በኋላ፣ በ1907 ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ተርጓሚ የሆነ ሰው ጥቂት ቢቆም አይፈረድበትም። የመጀመሪያው ጥቁር ቀበቶ ማዕረግ “ሾዳን” ይባላል፤ “ሾ” ማለት መጀመሪያ ነው። ብዙ ጊዜ “ሊቅ” ወይም “ማስተር” ተብሎ ሲተረጎም ይታያል፤ ይህ ፊደል ቆጥሮ የጨረሰን ተማሪ መሪጌታ ብሎ እንደመጥራት ይመስለኛል። ቃሉ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሳለ ትርጉሙ ሰውየውን እልፍኝ ያስገባዋል።

ካራቴ ቀበቶውን የወሰደው ከጁዶ ነው። የኦኪናዋው ጊቺን ፉናኮሺ በ1922 ቶኪዮ መጥቶ ጥበቡን ሲያሳይ ካራቴ የራሱ የደንብ ልብስም ሆነ ማዕረግ አልነበረውም። ፉናኮሺ በካኖ ግብዣ በኮዶካንም አሳየ፤ በ1924 ደግሞ ለራሱ ተማሪዎች የመጀመሪያዎቹን ጥቁር ቀበቶዎች ሰጠ።

ብጫው፣ ብርቱካናማው፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው የተስፋፉት በአውሮፓ ነው። ሚኪኖሱኬ ካዋይሺ በ1935 ፓሪስ ገብቶ ማስተማር ሲጀምር፣ ፈረንሳውያን ተማሪዎቹ ዓመታት ሙሉ በአንድ ቀለም ታጥቀው እንዲጠብቁ አላደረገም፤ በየደረጃው የሚለወጥ ቀለም አበጀላቸው። ዘዴው የመምህር ዘዴ ነው፤ ተማሪው መራመዱን በዓይኑ ያያል። ትርጓሜው ኋላ መጣ። በኮሪያው ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ በኩል በተስፋፋው ቴኳንዶ ነጭ የየዋህነት፣ ብጫ ተክል ሥር የሚሰድበት መሬት፣ አረንጓዴ የቡቃያው እድገት፣ ሰማያዊ ዛፉ የሚያንጋጥጥበት ሰማይ፣ ቀይ የአደጋ ምልክት ተደርጎ ይፈታል። ፍቺው ለወጣት ሠልጣኝ ጠቃሚ ነው፤ ጥንታዊ የምሥራቅ ምሥጢር ነው ብሎ ማቅረብ ግን ስሕተት ነው።

ትርጓሜ ከቀለም በኋላ ቢመጣም ኃይሉ ቀላል አይደለም። ሆላንዳዊው አንቶን ጌሲንክ በ1964ቱ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ጃፓናዊውን አኪዮ ካሚናጋን በገዛ አገሩ አሸንፎ ወርቅ የወሰደ ነው። ይኸው ሰው በ1986 ከሁለቱ ተጋጣሚዎች አንዱ ሰማያዊ ልብስ ይልበስ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ሁለት ነጭ ለባሾች ሲተናነቁ ተመልካቹ፣ ይልቁንም በቴሌቪዥን የሚያየው፣ ማን ማንን እንደጣለ መለየት ይቸግረዋል። ጃፓኖች አጥብቀው ተቃወሙ፤ ነጩ የንጽሕና ምልክት ነው አሉ። ክርክሩ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀ። ዓለም አቀፉ የጁዶ ፌዴሬሽን በ1997 ሐሳቡን ተቀበለ፤ በ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ አንዱ ተጋጣሚ በነጭ፣ ሌላው በሰማያዊ ለብሰው ምንጣፉ ላይ ወጡ።