ሉቺያኖ ቫሳሎና የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር

የኢትዮጵያ እግር ኳስ ታሪክ በተነሣ ቁጥር ስሙ ሳይጠቀስ የማይታለፍ ሰው ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። ነሐሴ 9 ቀን 1927 ዓ.ም. በአሥመራ ከኢጣሊያዊ ወታደርና ከኤርትራዊት እናት ተወለደ። አባቱን ሳያውቅ በእናቱ እጅ አደገ። በለጋ ዕድሜው መካኒክነት ተምሮ እንጀራውን በመፍቻ እያበሰለ፣ ኳስንም በአሥመራ ሜዳዎች ተለማመደ።

ዝናው ይበልጥ የገነነው ግን የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር ተጫዋች በሆነበት በ1950ዎቹ ዓመታት ነው። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች፣ ባቡርና ፋብሪካ ያሳደጓት ከተማ ናት። በደቻቱ ወንዝ ወዲህና ወዲያ፣ በከዚራና በመጋላ፣ ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ዐረቡ፣ ግሪኩና አርመኑ ተጎራብተው ኖረውባታል። በዚያ ዘመን ኳስ ራሱን የቻለ መተዳደሪያ ስላልነበረ፣ ለተጫዋች ቋሚ ሥራ ሊሰጥ የሚችል ድርጅት ጠንካራ ቡድን ለማቋቋም ይበልጥ ይመቸው ነበር። የጥጥ ማኅበር ቡድን በ1952፣ በ1954፣ በ1955ና በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ለመሆን የበቃው በዚህ መሠረት ላይ ቆሞ ነው። በ1956 ዓ.ም. ዋንጫውን የወሰደውም ሌላው የድሬዳዋ ቡድን፣ የሲሚንቶ ፋብሪካው፣ ነበር።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲዮም የኢትዮጵያ ቡድን ከተባበረችው ዐረብ ሪፑብሊክ፣ ማለትም ከግብፅ ጋር፣ ለአፍሪካ ዋንጫ ተፋለመ። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ። የመጀመሪያውን ኢትዮጵያውያኑ አቻ አደረጉት፤ ሁለተኛውን ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት አምበሉ ሉቺያኖ አስተካከለው። በተጨመረው ሰዓት ታናሽ ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አከታትለው አስቆጠሩና ውጤቱ 4 ለ 2 ሆነ። ዋንጫውን ሉቺያኖ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

ይሁንና የክብሩ ጎዳና እሾህ ያልነበረበት አልነበረም። የባዕድ ስምና የድብልቅ ዘር ባለቤት ለሀገር ቡድን አምበል መሆኑን የሚቃወሙ ሹማምንት እንደነበሩ፣ አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ግን በአምበልነቱ እንዳጸኑት ሲተረክ ኖሯል። ተመልካቹ ይህን ክርክር ቀድሞ ፈትቶታል፤ የሚያጨበጭበው ለዘር ሐረግ ሳይሆን ለእግር ነበርና።

በደርግ ዘመን ሉቺያኖ በጂቡቲ በኩል ተሰድዶ ኢጣሊያ ገባ። በሮም አካባቢ ወደ ጥንት ሙያው፣ ወደ መካኒክነት፣ ተመልሶ ኑሮውን አቀና፤ ልጆችንም ኳስ አስተማረ። የአፍሪካን ዋንጫ የጨበጠ እጅ ወደ ሞተር ጥገና መመለሱ ሰውየውን አላሳነሰውም። ቅር የሚያሰኘው ይልቁንም ሀገሪቱ እንዲህ ያለውን ዜጋዋን በስደት ማጣቷ ነው። መስከረም 6 ቀን 2015 ዓ.ም. በ87 ዓመቱ በሮም ዐረፈ።

ከሉቺያኖ ሕይወት ጎን የቆመ አንድ ቁም ነገር አለ። ፋብሪካ ጨርቅና ሲሚንቶ ብቻ አያመርትም፤ በዙሪያው የሚኖረው ሕዝብ የኔ የሚለውንም ነገር ያፈራል። ድሬዳዋ ለአንድ ዘመን ይህን አሳይታለች።