አገጭን ደረት ላይ ማሳረፍ፦ የማይለቅ የአንገት ሕመምና የጤና ስጋት

ማጅራት ገትር ምልክቱ ስሙ የሆነ በሽታ ነው። በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች የሚጠራው በሚያጠቃው የአካል ክፍል፣ ማለትም በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ሽፋን ነው፤ በአማርኛ ግን የተጠራው ከውጭ በሚታየው፣ ተገትሮ አልታጠፍ ባለው ማጅራት ነው። ስያሜው ለሐኪም ትልቅ ውለታ ይውላል። እናት ልጇን ታቅፋ መጥታ «ያተኩሰዋል፣ አንገቱም ደርቋል» ስትል ሐኪሙ የት መጀመር እንዳለበት ወዲያው ያውቃል። ጤናውን በስጋት ለሚጠብቅ ሰው ግን ይኸው ስም ወጥመድ ይሆንበታል። ጠዋት ሲነሳ አንገቱ አልዞር ካለው፣ የተሰማው ስሜትና የሚፈራው በሽታ በአንድ ቃል ይጠራሉ።

ቋንቋው ሌላም ስም አዘጋጅቷል፤ «ብርድ መትቶኝ ነው» የሚለውን። ብርድ ማጅራትን እንደሚያደርቅ የሚያሳየው ሳይንሳዊ ማስረጃ ደካማ ቢሆንም፣ አባባሉን ለመናቅ አልቸኩልም። ብርድ ነው ያለ ሰው ነጠላውን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ሥራው ይሄዳል፤ በሁለት በሦስት ቀን አንገቱን ይረሳዋል። መርሳቱ ራሱ ከመድኃኒቱ አንዱ ክፍል ነው።

ፍርሃቱ ከባዶ አልመጣም። ፈረንሳዊው ሐኪም ሌዮን ላፔይሶኒ በ1963 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የገለጸው የማጅራት ገትር ቀበቶ ዛሬ ከሴኔጋል ተነስቶ ኢትዮጵያ ይደርሳል። በ1981 እና በ1989 አገራችንን የመቱት ወረርሽኞች በብዙ ቤተሰብ ትዝታ ውስጥ አሉ። ከ2010 ጀምሮ በቀበቶው አገሮች የተሰጠው ክትባት ዋናውን የወረርሽኝ ምንጭ፣ ኤ የሚባለውን የባክቴሪያ ዓይነት፣ ከሞላ ጎደል አጥፍቶታል። የሌሎቹ ዓይነቶች ስጋት ግን አለ፤ ትዝታውም በክትባት አይጠፋም።

ሐኪሞች የሚያደርጉት ምርመራ ቀላል ነው። የተኛውን ሕመምተኛ ጭንቅላት ቀና አድርገው አገጩን ወደ ደረቱ ያመጣሉ። ሽፋኑ ከተቆጣ ማጠፉ ስለሚወጥረው የአንገት ጡንቻዎች ሳይታዘዙ ይጠነክራሉ፤ ፖላንዳዊው ሐኪም ብሩድዚንስኪ በ1909 እንደገለጸው ጉልበቶችም አብረው ይታጠፋሉ። በተራ የጡንቻ መጨምደድ ጊዜ በአብዛኛው የሚያስቸግረው አንገትን ወደ ጎን ማዞር ነው። በባክቴሪያ የሚመጣው ማጅራት ገትር ደግሞ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ከትኩሳት፣ ከከባድ ራስ ምታት፣ ከትውከትና ከመቃዠት ጋር ይበረታል እንጂ ሦስት ወር ሙሉ ሰውን ቢሮ እያዋለ አይቆይም። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ የሚያመጣው ዓይነት፣ እንዲሁም ኤችአይቪ ባለባቸው ሰዎች ክሪፕቶኮከስ የተባለው ፈንገስ የሚያመጣው፣ በሳምንታት ቀስ እያሉ ስለሚመጡ በእኛ አገር ሐኪም ሊዘነጋቸው አይገባም። የእጅ መዛል፣ የአረማመድ መንገዳገድ፣ ሽንትን መቆጣጠር አለመቻል፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስም ሳይውሉ ሳያድሩ መታየት አለባቸው።

የዚህ መጣጥፍ ጉዳይ ግን እነዚህ ሁሉ ከተጣሩ በኋላ የሚቀረው ሰው ነው። ይህ ሰው ምርመራውን ከሐኪሙ ተውሶ ቤቱ ወስዶታል። መስታወት ፊት አገጩን ደረቱ ላይ ያሳርፋል፤ ታክሲ ውስጥ ይደግመዋል፤ ሌሊት ሲባንን ይሠልሰዋል። ሳልኮቭስኪስና ዋርዊክ በ1986 ባቀረቡት የጤና ጭንቀት ሞዴል፣ ሰውነትን ደጋግሞ መፈተሽና ደጋግሞ ማረጋገጫ መጠየቅ ለጊዜው ያረጋጋሉ፤ ውለው አድረው ግን ፍርሃቱን ያጸኑታል። እኔ የምጨምረው አንገት በዚህ ረገድ ከሌሎች አካላት የተለየ መሆኑን ነው። ልቡን የሚፈራ ሰው የደም ሥር ምቱን ቀኑን ሙሉ ቢቆጥር ልቡን አያቆስልም። አንገቱን የሚፈራ ግን የሚፈትሽበት እንቅስቃሴ ራሱ የታመመውን ጡንቻ ይጎትተዋል፤ ከፍተሻው የሚያገኘው መልስ ከፊሉ ራሱ ፍተሻው የፈጠረው ነው።

ጭንቀቱም በበኩሉ ሥራውን ይሠራል። ሉንድበርግና ባልደረቦቹ በ1994 እንዳሳዩት፣ ከአንገት እስከ ትከሻ የተዘረጋው ትራፒዚየስ የተባለው ጡንቻ፣ ሰው ተቀምጦ የሒሳብ ስሌት ሲሠራ እንኳ፣ በአእምሮ ውጥረት ብቻ ይበረታል። የተጨነቀ ሰው በደረቱ የላይኛው ክፍል ስለሚተነፍስ፣ ለመተንፈስ እምብዛም የማይፈለጉት የአንገት ጡንቻዎችም ይደክማሉ። «ጭንቀት ነው» ተብሎ የተሸኘ ሕመምተኛ «ታዲያ ውሸቴን ነው?» ብሎ ቢቆጣ አልፈርድበትም። ጡንቻው በእርግጥ ደርቋል፤ የተሳሳተው ሕመምተኛው ለድርቀቱ የሰጠው ትርጉም ነው።

ከዚያ ኤምአርአይ ይመጣል። ናካሺማና ባልደረቦቹ በ2015 ባሳተሙት የጃፓን ጥናት፣ የአንገት ሕመም ምልክት ከሌላቸው 1,211 ሰዎች መካከል 87.6 በመቶው ቢያንስ አንድ ያበጠ ዲስክ ነበራቸው፤ በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉትም አብዛኞቹ እንዲሁ። የራሱን የኤምአርአይ ውጤት በወረቀት የተቀበለ ስጉ ሰው ይህን አያውቅም። «ዲስክ መንሸራተት» ብሎ ይተረጉመውና ከዚያ ቀን ጀምሮ አንገቱን እንደ እንቁላል ይዞ ይሄዳል፤ ያልተንቀሳቀሰ አንገት ደግሞ ይብስ ይደርቃል። አንዳንዱም ወጌሻ ዘንድ ሄዶ አንገቱን በኃይል ያስጠመዝዛል። ቀለል ያለ ማሸት ክፋት ላይኖረው ይችላል፤ በኃይል መጠምዘዝ ግን ወደ አንጎል ደም የሚወስዱትን የአንገት ደም ሥሮች ሊሰነጥቅ ስለሚችል አደጋው የእውነት ነው።

ለሕክምናው የሚጠቅመው ብዙ ጊዜ ከሚሰጠው ያነሰ ነው። አንገትን በየዕለቱ በልኩ ማንቀሳቀስና ማጠንከር፣ ሥራ አለማቋረጥ፣ ከሁሉም በላይ ፍተሻውን ማቆም። ታይረርና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች 444 የጤና ጭንቀት ያለባቸውን ሕሙማን ይዘው በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ አስተሳሰብንና ልማድን በሚያርም አጭር የንግግር ሕክምና ጭንቀቱ ቀንሷል። ለእኛ አገር የሚያጓጓው ሕክምናውን ከሰጡት መካከል ሠልጥነው የገቡ ነርሶች መኖራቸው፣ ውጤታቸውም ጥሩ መሆኑ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያ ብርቅ በሆነበት ጤና ጣቢያ ነርስ አለች።

እሷ የምትጀምርበት ጥያቄ ግን በሕመምተኛው ካርድ ላይ ቦታ የለውም። ካርዱ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚያብሰው ይጠይቃል። «አንገትዎን በቀን ስንት ጊዜ ይሞክሩታል?» ብሎ አይጠይቅም።